ልቡ የወጣው ዘንባባ

እስቲ ይህን የብረት ምሰሶ ተመልከቱ። እዚህ ጀርመን፣ ኒድ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ በወንዙ ዳር የሚሄደውን የእግር መንገድ ይዛችሁ፣ አጥሩ በተቀደደው በኩል አሻግራችሁ ብታዩ ታገኙታላችሁ። ዙሪያው የነበረው መስታወት ተለቅሟል፣ ጣሪያው ወርዷል፣ ምሰሶው ግን እስካሁን ቆሟል። ከታች እስከ ላይ አጫጭር ነጭ መስመሮች ተሠምረውበታል። አንዳንዶቹ ተራርቀዋል፣ በአንዳንዶቹ መካከል ጣት አይገባም። የመጨረሻው መስመር ላይ ቀለሙ ወደ ታች ፈሷል። 

ሰው ሁሉ ውሻውን እያናፈሰ በዚያ ያልፋል። የእኛም ሰዎች ያልፋሉ። ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ያ የአንድ ዛፍ ዕድሜ ነው፣ የአንድ ሰውም ዕድሜ ነው። ሁለቱንም ያበላሸናቸው እኛ ነን። አጋነነ የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝና ከዚያ ፍረዱ።

ሰውየው እንዳሻው ይባላል። እኩያዬ ስለሆነ «እሱ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ አንቱታው እስካሁን የጠቀመው ነገር የለም። እንድብር አካባቢ ከእንሰት ጓሮ የወጣ ልጅ ነው። ዓለማያ እርሻ ተማረ፣ አብዮቱ በፈነዳ ማግስት ስለ ስታርች ሊያጠና፣ ዶክትሬቱን ሊይዝ ወደዚህ ተላከ። ሁለት ዓመት ያህል ተማረ። ከዚያ አገር ቤት ወንድሙ ታሰረ፣ እሱን ኤምባሲው ተመለስ አለው፣ እምቢ አለ፣ ስኮላርሺፑ ተቋረጠ። ፕሮፌሰሩ ደግ ሰው ነበሩ። «ለጊዜው» ብለው የምርምር ጣቢያው የመስታወት ቤት ውስጥ ረዳት አትክልተኛ አድርገው አስቀጠሩት። ያ «ለጊዜው» ሬንቴ፣ ማለት ጡረታ፣ እስኪወጣ ድረስ ዘለቀ።

ታዲያ «ዶክተር እንዳሻው» የሚባለው ሰው ከየት መጣ? ከእኛ መጣ። በዚያን ዘመን በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ፣ እስከ ዛሬ መድረክ ካልመራሁ የሚለው ሰይፈ ገብርኤል ተነሥቶ፣ «አሁን ደግሞ ዶክተር እንዳሻው ሁለት ቃል ይሉናል» አለ። እንዳሻው ሊያርመው አፉን ከፈተ፤ ጭብጨባው ቀደመው። በቃ። ከዚያ ወዲህ ከመካከላችን ስሙን ለብቻው የጠራው የለም። ሠርግ ላይ ዶክተር፣ ለቅሶ ቤት ዶክተር፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ለሽምግልና ዶክተር። እናቱ አገር ቤት «ልጄ ዶክተር ነው» እያሉ አረፉ። ማዕረጉን የሰጠነው ደግሞ ለእሱ አዝነን እንዳይመስላችሁ። ኢነንሽታት፣ መሀል ከተማው ውስጥ፣ የሰው ሱቅ ስንወለውል፣ ሆቴል አልጋ ስናነጥፍ፣ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ የመጣበትን ጨርሶ እንዲታይልን ፈልገን ነው። በእሱ ማዕረግ እኛ ሞቀን። እሱ ምን እየተሸከመ እንደሆነ ማን ጠየቀ?

ጠዋት ጠዋት ከሮደልሃይም ቤቱ በከረባትና በኮት ይወጣ ነበር። ጣቢያው ደርሶ ከረባቱን ይፈታል፣ ቱታውንና ቦት ጫማውን ያደርጋል። ማታ መልሶ ከረባት። ሚስቱ መነን ከሁሉም ቀድማ ታውቅ ነበር፤ የቱታውን ጭቃ የምታጥበው እሷ ነበረቻ። ዛይል በሚባለው የገበያ ጎዳና ላይ ሱቅ እያጸዳች ሰዎች «የዶክተሩ ባለቤት» ሲሏት ምን ትበል? ዝም አለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ውሸቱ የማንም ሳይሆን የሁሉም ሆነ።

አሁን ወደ ዛፉ ልምጣ።

ሳጎ የሚባል ዘንባባ ነው። አገሩ ወዲያ ኒው ጊኒና ኢንዶኔዥያ፣ ሙቀትና ረግረግ ባለበት ነው። እዚያ ሰው የሚበላው ግንዱን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቅጠሉ ከፀሐይ የሠራውን ስኳር ቁልቁል ይልካል፣ ግንዱ ያንን ወደ ስታርች ለውጦ ያስቀምጣል። አሥር ዓመት፣ አንዳንዴም አሥራ አምስት ዓመት፣ ምንም ሳያወጣ ያጠራቅማል። ከዚያ በሕይወቱ አንዴ ብቻ አናቱ ላይ ያብባል። ሲያብብ ያጠራቀመውን ሁሉ ወደ ላይ ስቦ ለአበባውና ለዘሩ ያውለዋል፤ ግንዱ ባዶ ይቀራል፣ ዛፉ ይሞታል። ስለዚህ የአገሩ ሰዎች ሊያብብ ሲል ጠብቀው ይጥሉታል። ግንዱን ሰንጥቀው ውስጡን ይፍቃሉ፣ በውሃ ያጥቡታል፣ የዘቀጠውን ያደርቁታል። ከደህና ግንድ ሁለት መቶ ኪሎም የሚደርስ ነጭ ዱቄት ይገኛል። እኛ ብናየው ቡላ ነው የምንለው።

እንዳሻው ይህን መጀመሪያ ከፕሮፌሰሩ የሰማ ቀን ሳቀ አሉ። ይህማ የእናቴ ጓሮ ነው አለ። እንሰትም እንዲሁ አይደል? ዓመታት ያጠራቅማል፣ አንዴ ያብባል፣ ይሞታል። ሰውም ከአበባው ይቀድመዋል። ፕሮፌሰሩ በእጃቸው ላይ አንድ የሳጎ ችግኝ ነበራቸው፤ ለእሱ ሰጡት። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ ብርሃን በሚያንስበት በዚህ አገር፣ በመስታወት ቤት ሙቀት፣ ሳጎ በስንት ዓመት ምን ያህል ያድጋል፣ ግንዱስ ምን ያህል ስታርች ይይዛል? ለማበብ ሲቃረብ ይቆረጣል፣ ይመዘናል፣ ይጻፋል። «ከስሜ ቀጥሎ ያንተ ስም ይገባል» ብለው ቃል ገቡለት። ያ ቃል ለእንዳሻው ምን እንደነበር ይገባችኋል? ለውሸቱ ማካካሻ የሚሆን አንድ እውነት ነበር። በዓለም ላይ በስሙ የሚታተም አንድ ቁጥር።

ፕሮፌሰሩ ሌላም ትእዛዝ ሰጡት። ሳጎ ከሥሩ ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያው ካልተነሣ የእናቲቱን ጉልበት ይሻማል። ስለዚህ ሁሉም ስታርች ግንዱ ውስጥ እንዲገባ ቡቃያውን በየጊዜው ቁረጥ አሉት። ቆረጠ። ስንት ልጅ ከዚያ ዛፍ ሥር አንሥቶ ብስባሽ ክምር ላይ እንደጣለ እግዜር ይወቀው። ፕሮፌሰሩ ሞቱ፣ እሱ መቁረጡን አልተወም። በመጨረሻ ዛፉ ቡቃያ ማውጣቱን ተወ።

በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ዕለት መሰላል ይወጣና ግንዱ የደረሰበትን ምሰሶው ላይ በነጭ ቀለም ያሠምራል። ጀርመኖቹ ለምን ሁልጊዜ በመስከረም እንደሚለካ ገርሟቸው ይጠይቁት ነበር፤ የእኛ ዓመት ያኔ ነው የሚዞረው ይላቸዋል። በአገሩ ግንዱ በዓመት ከሰው ቁመት የማይተናነስ ይጨምራል። እዚህ ደመናማ ክረምት የበዛበት ዓመት ስንዝርም አይሞላም። ግን ሰላሳ ዓመት አልፎ አደገ፣ ጣሪያውን ሊነካ ደረሰ፣ ቅርብ ጊዜ ደግሞ አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች እያጠሩ መጡ። ያ የማበቢያ ምልክት ነው። ሬንቴ ከወጣ በኋላ እንኳ በፈቃዱ ማክሰኞ ማክሰኞ እየሄደ ያየው ነበር። ቁልፉንም አልወሰዱበትም።

ከዚያ የዩክሬን ጦርነት መጣ፣ የጋዙ ነገር መጣ። ጣቢያው አሮጌውን ቤት ማሞቅ አልቻለም። የጣቢያው ኃላፊ ፍራው ሊንድነር የሚሏት ሴት ናት፤ የአስተዳደር ሰው እንጂ የዕፅዋት ሰው አይደለችም። ክፉ ሴትም አይደለችም። እንዳሻውን ጠርታ ነገረችው። ቤቱ በመጋቢት ይዘጋል። ዛፉ በየትኛውም በር አያልፍምና ይቆረጣል። ግን ልክ ፕሮፌሰሩ እንዳሰቡት ስታርቹ ይመዘናል፣ ውጤቱ ከሰላሳ ዓመቱ የዕድገት ልክ ጋር ይታተማል፣ የእሱም ስም ይገባበታል። አሁንም ለማበብ ተቃርቧልና ጊዜው ክፉ አይደለም። ከዚያ ሳታስበው አንድ ጥያቄ ጨመረች፦ ከሥሩ አንድ ቡቃያ ብናገኝ አዲሱ ትንሽ ቤት ውስጥ ልንተክለው እንችል ነበር፤ ሊሰጥ ይችላል?

«ይሰጣል» አላት።

አያውቅም ነበር። ሁለት ዓመት የተማረው የስታርችን ኬሚስትሪ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው አርባ ዓመት ውሃ ማጠጣትና መስታወት ማጠብ ነው። እዚያ ጣቢያ ውስጥ ደግሞ «ዶክተር» የሚለው አንድም ሰው አልነበረም! ሄር እንዳሻው፣ አቶ እንዳሻው ነው፣ አትክልተኛው። «እስቲ ልጠይቅ» ቢል የሚያፍረው በማን ፊት ነበር? ከእሱ ክፍል ፊት ለፊት ዘንባባ ያጠናች ወጣት ባለሙያ በሯን ከፍታ ተቀምጣ ትውላለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ቡና አፍልታ ትጠራዋለች። ግን አርባ ዓመት ጫንቃህ ላይ የተቀመጠ ነገር በር ስትገባ አይወርድም። ዶክተሩ ገብቶ መለሰ፤ አትክልተኛው አፉን ዘጋ።

ስለዚህ ለእኛ አመጣው። ቅዳሜ ከሰዓት ኒድ ባለው መሰብሰቢያ አዳራሻችን ውስጥ ካርታ የምንጫወተው ሽማግሎች ነን። ጨዋታውን አቋርጦ ነገሩን ነገረን። ግንዱ ተመዝኖ ስሙ ይታተማል፣ ከሥሩ አንድ ቡቃያ ከወጣ ዛፉ ወደ አዲሱ ቤት ይሻገራል፤ ግን ቡቃያው እምቢ ብሏል። ምን ይመስላችኋል?

ከሁላችንም በዕድሜ የሚያንሰው ገናናው ወዲያው ተቀበለው። የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ግንባታ ሲሠራ ኖሮ ወገቡን ተጎድቶ የተቀመጠ።

«ዶክተር፣ ይሄ እርስዎን ጠፍቶዎት ነው? እንሰት እንዴት ነው የምናባዛው? ልቡን አውጥተን ጉድጓዱን አፈርና ፍግ አንሞላውም? ከዚያ ዙሪያውን ልጅ ይወልዳል። ልቡ እያለ አይወልድም።»

ሁለት ሦስት ሰው ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን ነው። እንሰትን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ባህታ ካርታውን ፊቱ ላይ እንደያዘ ነበር። አስመራ በአማርኛ የተማረ ሰው ነው፣ እዚህ ስትራሰንባን፣ የከተማውን ባቡር፣ ሲነዳ ኖሮ ሬንቴ የወጣ። እንሰት በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

«ስማኝ ዶክቶር» አለ፣ «እዛ ስለ ዘንባባ የተማረች ልጅ አለች ብለኸን አልነበር? ለምን እሷን አትጠይቃትም?»

«ባህታ፣ አንተ ስትራሰንባንህን ንዳ» አለ ሰይፈ ገብርኤል። «ዶክተሩን የትናንት ልጅ ልታስተምረው ነው?»

«ሬንቴ ወጥቻለሁ፣ የምነዳው የለኝም» አለ ባህታ፣ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ።

ተሳቀ። እንዳሻውም ሳቀ። ዛፉ የሞተው እዚያች ሳቅ ላይ ነው፤ መጋዙ በኋላ የመጣ ነገር ነው።

እሑድ የእንዳሻው ሴት ልጅ ፀሎት ምሳ ልትበላ መጣች። እዚህ ተወልዳ ያደገች፣ ሆስፒታል የምትሠራ ሴት ናት። አማርኛውን ትሰማለች፣ የምትመልሰው በጀርመንኛ ነው። እናትና አባቷ ስለ ዛፉ ሲያወሩ ሰምታ፣ ሹካዋን ሳታስቀምጥ፣ «ፓፓ፣ ፍራግ ዚ ዶኽ አይንፋኽ» አለችው። ዝም ብለህ ጠይቃታ፣ ማለቷ ነው። የሰላሳ ዓመት ነገር በአምስት ቃል ፈታችው።

መነን ነች የመለሰችላት። «አባትሽ ጠይቆ አያውቅም» አለቻት። «ሲጠየቅ ነው የኖረው።»

እንዳሻው ድስቱን አስጠጊልኝ አለ።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ጣቢያው ሰው በሌለበት፣ ገናናውን ይዞ ገባ። ሁለቱ መስታወት የሚታጠብበትን ባለጎማ መወጣጫ ገፍተው ከዛፉ ሥር አቆሙት። እንሰት ልቡ ከታች ነው፤ የዘንባባው ከላይ፣ ቅጠሎቹ ከሚወጡበት አናት ላይ ነው። ይህን ያውቅ ነበር፤ ይህን ማወቁ ነው የጎዳው። ገናናው ልውጣ ቢለው እምቢ አለ። በሰባ ዓመቱ ራሱ ወጣ፣ ገናናው ከኋላ ወገቡን ይዞት። በረጅም ቢላዋና በእጅ መጋዝ የመካከለኛውን ቅጠል ከፍቶ፣ ከሥሩ ያለውን ነጩን ጉጥ ቆርጦ አወጣው። እንደ እንሰት ልብ ነጭ ነበር። ገናናው ትንሽ ቀምሶ ይጣፍጣል አለ። ጉድጓዱን አፈርና የበሰበሰ ፍግ ሞሉት፣ ውሃ አርከፈከፉበት፣ በጨርቅ ሸፈኑት። እናቱ ጓሮ አባቱ ሲያደርገው እንዳየው፣ ምንም ሳያጓድል። ከወረደ በኋላ ምሰሶው ላይ የዓመቱን መስመር አሠመረ፤ በእንቁጣጣሹ ሰሞን ጉንፋን ይዞት ሳያሠምር ቀርቶ ነበር። ቀለሙ ወደ ታች የፈሰሰው ያኔ ነው። ከድካም ይሆናል።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ። ማክሰኞ ማክሰኞ ግንዱ ሥር ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ይጭራል። እኛ ቅዳሜ ሲመጣ «ወለደ?» እንለዋለን። ሰይፈ ገብርኤልማ ክርስትና እነሣለሁ እያለ ይቀልድበት ነበር። እንሰትም ጊዜ ይወስዳል ይለናል። ላይ ያሉት ቅጠሎች ግን ጫፋቸው ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቡናማ። የብርሃን ማነስ ነው አለ። ማሞቂያውን ስለቀነሱት ነው አለ። ለራሱ ነበር የሚናገረው።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ወጣቷ ባለሙያ ተንበርክኮ አገኘችው። ቀና ብላ አየች። መወጣጫውን አስጠግታ ወጣች፣ ጨርቁን ገለጠች፣ የመካከለኛውን ቅጠል በሁለት ጣት ሳብ አደረገችው። ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ሥሩ ላይ ጥቁር ሙጫ ነበር፤ ሽታው ታች ድረስ ወረደ። ማን ነው ይህን ያደረገው አለች። እኔ ነኝ አላት። ወረደችና ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ አስረዳችው። የዘንባባ ግንድ አንድ የማደጊያ ጫፍ ብቻ ነው ያለው። እሱ ከወጣ ያ ግንድ ሌላ አያበቅልም፤ ይሞታል። ፍጉ ደግሞ መበስበሱን ወደ ውስጥ አስገብቶታል። ቡቃያ የሚያወጣ ዓይን ሥሩ ላይ ካልቀረለት ከላይ ልቡን ማውጣት ምንም አይቀሰቅስም።

«አውቃለሁ» አላት።

ልጅቱ ትክ ብላ አየችው። «ታዲያ ለምን?» አለችው።

አስቡት እስቲ። እዚያ ላይ ሆኖ እንኳ አላውቅም ነበር ማለት አልቻለም። አላውቅም ከሚል ሆነ ብሎ የገደለው ቢመስል መረጠ። ይህን አፍ ማን ሠራው? እኛ አይደለንም እንዴ?

ልጅቱ ግንዱ ቶሎ ከተቆረጠ የታችኛው ክፍል ሊተርፍ ይችላል ብላ ለፍራው ሊንድነር ነገረች። ቆራጮቹ ግን ለመጋቢት ነበር የተያዙት፤ ከዚያ በፊት ቴርሚን፣ ክፍት ቀጠሮ፣ የለንም አሉ። ሁለት ወር ተኩል፣ እያንዳንዱን ማክሰኞ፣ መበስበሱ በግንዱ ውስጥ ወደ ታች ሲወርድ እንዳሻው ግንዱን በጣቱ እያንኳኳ ይሰማው ነበር። መጀመሪያ ሙሉ የነበረው ድምፅ እየቆየ የታፈነ፣ እርጥብ ሆነ።

መጋቢት ላይ ቆረጡት። መነን አብራው ሄደች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏ የሚሠራበትን ቤት ያየችው ያን ቀን ነው። እኔና ባህታም ሄድን፣ ባልዲና ወንፊት ለመሸከም። ገናናው ወገቤን አሞኛል ብሎ ቀረ፤ ሰይፈ ገብርኤል ስብሰባ ነበረበት። ግንዱ ሲሰነጠቅ ኮምጣጣ ሽታ ቤቱን ሞላው። ከላይ ጀምሮ ጥቁር ነበር፣ ዝቅ ሲል ቡናማ፣ ከሥሩ ክንድ የምታህል ብቻ ነጣ ያለች ቀርታ ነበር። ያችን ፍቀን በውሃ አጠብናት፣ በጨርቅ አጠለልን። ነጩ ውሃ እንዲዘቅጥ ትተነው ሄድን፣ በማግስቱ ተመልሰን ውሃውን ደፍተን ዝቃጩን ዘርግተን አደረቅነው። የደረቀው አንዲት የወተት ጣሳ አልሞላም። ቀለሙም ነጭ አልነበረም፤ አመድማ ነበር። ሰላሳ ዓመት ሲያጠራቅም ከኖረ ግንድ።

መነን ጣቷን ነክራ አየችውና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።  ባህታ ወደ ውጭ ወጣ።

ፍራው ሊንድነር መጣች። ውጤቱ እንደማይታተም ሁላችንም ይገባናል፤ ቢሆንም ለጣቢያው የመዝጊያ ሪፖርት አንድ ነገር መጻፍ አለባት። ዛፉ በቅዝቃዜው ምክንያት ሞተ ብዬ ልጻፈው አለችው። ለእሱ ብላ ነው። ማንም አይጠይቅም፣ ጋዝ የለም የተባለበት ዓመት ነው።

እንዳሻው ቱታውን እንደለበሰ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ እንደሆነ ቆመ። 

«አይደለም» አላት በጀርመንኛ። «አትክልተኛው ሳይጠይቅ ልቡን ስላወጣው ሞተ ብለሽ ጻፊ። ስሜንም ጻፊው።»

ጻፈችው። አይቼዋለሁ፤ ሁለት መስመር ነው። ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ስሙ በመጨረሻ ታተመ፣ ከፊቱ ትክክለኛው ማዕረግ ተቀምጦ፣ ከኋላው ስህተቱ። ቁጥሩ የለም። ሳጎ በዚህ አገር ብርሃን ምን ያህል ስታርች ይይዛል ለሚለው ጥያቄ ዛሬም መልስ የለም፤ ሌላ ሰው ሰላሳ ዓመት ካልሰጠው በቀር አይኖርም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ባዝንም አልናደድም ነበር። ያናደደኝ የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው።

የፋሲካ ዝግጅት ስብሰባ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል፣ ወጣቶችም ሳይቀሩ መጥተዋል። ሰይፈ ገብርኤል እንደ ልማዱ ተነሣ። ዶክተር እንዳሻው ዕድሜያቸውን በሙሉ ለሳይንስ የሰጡ አባታችን ናቸው፣ ሁለት ቃል ይበሉን አለ። እንዳሻው ተነሣ። ከረባት አላሰረም። ያን ያየነው እኔና መነን ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

«እኔ ዶክተር አይደለሁም» አለ። «ትምህርቴን አልጨረስኩም። አርባ ዓመት አትክልተኛ ነበርኩ። አንድ ዛፍ ሰጥተውኝ ነበር፣ ባለማወቄ ገደልኩት። መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅሁም።»

 ከዚያ ሰይፈ ገብርኤል ፈገግ ብሎ ማይክራፎኑን ተቀበለው። «ይሄ ነው ትሕትና!» አለ። «ልጆች፣ ከዚህ ተማሩ። የተማረ ሰው እንዲህ ነው።»

አጨበጨቡ። ቆመው አጨበጨቡ። ገናናውም አጨበጨበ፤ ልቡን ሲያወጡ ወገቡን ይዞት የነበረው ገናናው። እንዳሻው ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። አፉን እንደገና ከፈተ። ሌላ ተናጋሪ ተጠራ። ባህታ ከጎኔ፣ «ሰውየው ምን ይበላችሁ በቃ?» አለ፣ ጮክ ብሎ። ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ እንዳሻው አዳራሹን አልረገጠም። ካርታም አይጫወትም። ሰዎች «ዶክተሩ አርጅቷል፣ ሰው ሸሸ» ይላሉ። አልሸሸም። እውነቱን ይዞላችሁ መጣ፣ እናንተ አጨብጭባችሁ መለሳችሁት። መነን እንደምትለኝ ቤት ውስጥ ብዙ አይናገርም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ከሮደልሃይም እስከ ኒድ በወንዙ ዳር በእግሩ ሄዶ አጥሩ አጠገብ ይቆማል፣ ምሰሶውን ያያል፣ ይመለሳል። በቅርቡ ምሰሶውንም ይነቅሉታል። ፀሎት አንድ ቀን ተከትላው ሄዳ አብራው ቆመች። የታችኛው መስመር የየትኛው ዓመት ነው ብላ ጠየቀችው፤ እሱም አንቺ ሳትወለጂ በፊት ከሚል ወሬ ጀምሮ አንድ በአንድ ነገራት። ብርሃን የበዛበትን ዓመት፣ ቦይለሩ የተበላሸበትን ዓመት፣ ፕሮፌሰሩ የሞቱበትን። እስኪመሽ። በአማርኛ ነገራት፣ በጀርመንኛ እየጠየቀች ሰማችው። ለወራት ከአፉ የወጣው ረጅሙ ንግግር እሱ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ሌላ ነገር አልለምናችሁም። አዋጡ አላልኩም፣ ሐውልት አቁሙለት አላልኩም፣ ይቅርታ ጠይቁትም አላልኩም፤ እሱንም ንግግር ታደርጉበታላችሁ። በወንዙ ዳር ከረባት የሌለው፣ ኮቱን የቆለፈ ረጅም ሽማግሌ አጥር ተደግፎ ቆሞ ብታገኙት፣ ዶክተር አትበሉት። በስሙ ጥሩት፤ ዕድሜው ከከበዳችሁ አንቱ በሉት፣ እሱ ይበቃል። ከዚያ ዛፉ እንዴት እንደሞተ ጠይቁት፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ሲላችሁም እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ አታጨብጭቡ። እመኑት።